ለልምምድ የተጠሩት

ሰብሌ ገብረአምላክ ኮልፌ ባለው የሹራብ ፋብሪካ የቅጥር ኃላፊ ነበረች። ፋብሪካው ሳይወረስ ጀምራ እዚያው ስለቆየች፣ ከሳንሱሲ እስከ ቀራንዮ እሷ ያስገባችው ሰው የሌለበት ሰፈር አይገኝም። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ወንበር ትሰጠዋለች፣ ትንሽ ታጫውተዋለች፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ አስቀምጣ አሠራሩን ታያለች። ካልሆነም እዚያው ፊት ለፊት ትነግረዋለች እንጂ “ነገ ተመለስ” አትልም።

የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ሊከበር ሽር ጉድ በሚባልበት ጊዜ፣ ሠራተኛ ለሚቀጥሩ ሰዎች አዲስ ሥልጠና መጣ። ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ያልያዘ ሰው ወደፊት በአካባቢው ፋብሪካዎች ሠራተኛ መቅጠር አይችልም ተባለ። ይህ ከመጽደቁ በፊት ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሥልጠናውን ተከታትሎ፣ በመዝጊያው ስብሰባ ላይ ይጠቅማል አይጠቅምም እንዲል ተፈለገ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ጀይሉ የሰብሌን ስም ሰጡ። ነገሩ ያለቀለት ስለሆነ ጥሩ ጥሩውን ተናግራ እንድትመለስም አደራ አሏት።

ሥልጠናው የሚሰጠው ቀራንዮ ውስጥ አንድ አዳራሽ ነበር። አሠልጣኙ ጓድ ደሜ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። ሰብሌ መጀመሪያ ላይ ወዳው ነበር። ሰዓት ያከብራል፣ የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ስለ ሥራ ላይ አደጋ ያስተማረውም እሷ የማታውቀው ነገር ነበረበት። ይህንን ለባሏ ለሰብስቤ ደስ ብሏት አወራችለት።

ሆዷ የሻከረው በተግባር ልምምዱ ቀን ነው። ጠዋት ስትደርስ ሥራ ፈላጊዎች አዳራሹ ደጃፍ ላይ ተሰልፈዋል። ነጠላቸውን አጥበው፣ ጫማቸውን ወልውለው የመጡ ናቸው። ሠልጣኞቹ በየጠረጴዛው ተቀምጠው ተራ በተራ ይጠይቋቸው ጀመር። ሰብሌ ካለችበት ጠረጴዛ ፊት ዱሬቲ የምትባል ልጅ እግር ሴት ቀረበች። አባቷ ምን ያህል መሬት እንደነበረው፣ ወንድሟ የት እንደገባ፣ ከቀበሌ ስብሰባ ለምን እንደምትቀር ጠየቋት። ዱሬቲ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሁሉንም መለሰች። ወንድሟ ሲነሣ ብቻ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሹራብ መሥራት ትችል እንደሆነ የጠየቃት የለም። ነጥብ ሰጥተው አሰናበቷት።

ሰብሌ ልትሸኛት ወጣች። ሰፈሯ የት እንደሆነ ስትጠይቃት ሳንሱሲ መሆኑን ነገረቻት። ከዚያ ደረጃው ላይ ቆም ብላ፣

“እትዬ፣ ሥራ የምጀምረው መቼ ነው?” አለቻት።

ሰብሌ እሷም እንደማታውቅ ነገረቻት። ገብታ ጓድ ደሜን ስትጠይቀው፣ ምንም ክፍት ቦታ እንደሌለና ሰዎቹ የተጠሩት ለልምምድ ብቻ እንደሆነ ሳይደብቅ ነገራት። አስቀድመው ቢያውቁት ከልባቸው አይመልሱም ነበር አለ። ለእሱ የማስተማሪያ ዘዴ ነው፤ ሌላ ነገር አልታየውም።

ሰብስቤ ይህንኑ በመዝጊያው ስብሰባ ልትናገር እንደሆነ ሲሰማ ፈራ። ሰው በአንድ ቃል ደብዛው በሚጠፋበት ዘመን ዝም ማለት ነውር እንዳልሆነ፣ ልጆች እንዳሏቸውም አስታወሳት። ሰብሌ አልተከራከረችውም፤ እንዳልተስማማች ግን ከፊቷ ያውቃል።

በመዝጊያው ዕለት አዳራሹ ሞላ። መድረኩ ላይ ከበላይ አካል የመጡ እንግዶች ተቀምጠዋል። ሰብሌ ስትጠራ ወጥታ፣ ስለ ሥራ ላይ አደጋ የተሰጠውን ትምህርት አስቀድማ አመሰገነች። ከዚያ ቀጠለች።

“ይህን ሥልጠና የወሰደ ሰው፣ ሰው መጠርጠር ይችላል እንጂ ሰው መቅጠር አይችልም። ሥራ ሳይኖር ሥራ አለ ብለን ሰው ጠራን። በሥራ አጥ ተስፋ ላይ እጃችንን አፍታታን። እኔ ይጽደቅ አልልም።”

ከእንግዶቹ አንዱ፣ የአብዮቱን መመሪያ መቃወሟ እንደሆነ ጠየቃት።

“የጠየቃችሁኝ ስለ ሥልጠናው ነው፤ የመለስኩትም ስለ ሥልጠናው ነው” አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ያጨበጨበ የለም።

ውጭ አቶ ጀይሉ ጠበቋት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆታል። ግለ ሂስ ጽፋ ካላቀረበች ሊያስጥሏት እንደማይችሉ ነገሯት።

“የተናገርኩት ውሸት ከሆነ ይንገሩኝና አሁኑኑ እጽፋለሁ” አለቻቸው።

አቶ ጀይሉ መሬት መሬት እያዩ መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

የቅጥር ሥልጣኗ ገና አልተነሣም። ፋብሪካው ውስጥ አንዲት ሠራተኛ የለቀቀችው ማሽን ባዶውን ቆሞ ነበርና፣ በማግስቱ ሰው ልካ ዱሬቲንና አዳራሹ ደጃፍ ተሰልፈው ከነበሩት ያገኘቻቸውን አስጠራች። አንድ ቦታ ብቻ እንዳለ ገና ሲገቡ ነገረቻቸው። ዱሬቲ ተራዋ ደርሶ ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ ክሩን በጠሰችው። ሰብሌ ጊዜ ሰጠቻት። ዱሬቲ ቀጠለችውና ከሁሉም የተሻለ ሠራች። ስለ ወንድሟ ምንም ሳትጠይቃት ቀጠረቻት።

ሳይሰነብት ሰብሌን ክር መጋዘን አወረዷት። በየስብሰባው ግለ ሂስ ታቅርብ ሲባል ትነሣና፣ የምትጨምረውም የምትቀንሰውም እንደሌላት ተናግራ ትቀመጣለች። ሰብስቤ መጀመሪያ ተጨነቀ፤ እያደር ግን ስብሰባ ባለባቸው ቀናት ፌርማታው ድረስ ይሸኛት ጀመር። ሥልጠናው ጸደቀ። የምስክር ወረቀቱም በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ከጊዜ በኋላ ጓድ ደሜ መጋዘኑ ድረስ መጣ። ከእንግዲህ ለልምምድ ሥራ ፈላጊ እንደማይጠራና ሠልጣኞቹ እርስ በርስ እየተጠያየቁ እንደሚለማመዱ፣ ይህንንም ያደረገው እሱ እንደሆነ ነገራት። ምስጋና የጠበቀ ይመስላል።

“ግማሹን ሰምተሃል” አለችው ሰብሌ፤ “ጥያቄዎቹ ግን ያው ናቸው። የቀረውንም እስክትሰማ እናገራለሁ።”

ደሜ አንገቱን ነቅንቆ ወጣ። እሷም ወደ ክሯ ተመለሰች።