የኡምኩልሱም ፊት

ኡምኩልሱም የአማቿን ፊት አታውቀውም። ጀርባውን ግን ከሞላ ገበያ መሃል ነጥላ ታወጣዋለች። በእነሱ ዘንድ አማትና አማች አይተያዩም፤ ወግ ነው። ጀዕፈር ልጇን ኑራን ካገባ ሦስት ወር ሆነው፤ ወደ ግቢው ሲመጣ ከቀርከሃው አጥር ውጭ ቆሞ ሁለት ጊዜ ይስላል፣ ኡምኩልሱም ወደ ጓዳ ትገባለች። እሷ መውጣት ስትፈልግ ደግሞ እሱ ፊቱን አዙሮ በር ላይ ያለውን ዋርካ ያያል። ያንን ዋርካ እንደ ጀዕፈር አጥብቆ የመረመረው ሰው በአሶሳ አልነበረም።

መነጋገር ሲኖርባቸውስ? ለእሱም መላ አላቸው፤ መላቸው ዘይቱና ናት። ዘይቱና ፍየል ናት። እናቷ ስትሞትባት ኑራ በእጇ ወተት እያጠባች ያሳደገቻት፣ ስለዚህም ራሷን እንደ ሰው የምትቆጥር ፍየል። ኡምኩልሱም ከጓዳ ሆና፣ «ዘይቱና፣ ገንፎው በቅቶት እንደሆነ ያንን ሰውዬ ጠይቂልኝ» ትላለች። ጀዕፈር ከውጭ ሆኖ፣ «ዘይቱና፣ ጠግቤአለሁ፣ አላህ ይስጥልኝ በይልኝ» ይላል። ፍየሏ ሁለቱንም ሰምታ ታመሰኳለች።

አሁን ግን ጀዕፈር ሚስቱን ይዞ ወደ አገሩ ወደ ኡምዱርማን ሊመለስ ነው። ነጋዴ ነው፤ ጓዙ ተጭኖ አልቋል፣ የሚነሱትም ከነገ ወዲያ ነው። ኑራ ለኡምኩልሱም የቀረችላት አንድ ልጅ ናት። ከዚህ እስከ ኡምዱርማን ያለውን መንገድ ኡምኩልሱም ልትገምተው እንኳ አትችልም፤ ከባምባሲ አልፋ የሄደችበት ቀን የለም። ሌላውን ሁሉ ችላዋለች። የማትችለው አንድ ነገር ልጇ ቀስ በቀስ መልኳን መርሳቷን ነው።

«አልረሳሽም፤ ፊትሽን ይዤው እሄዳለሁ» አለቻት ኑራ።

እንዲህ ያለችው ያለ ነገር አይደለም። ጀዕፈር አንድ የፎቶግራፍ ሳጥን ነበረው። ወርቅ ፍለጋ የመጣ አንድ ፈረንጅ ወባ ሲያንቀጠቅጠው ጊዜ ሳጥኑን በበቅሎ ለውጦት ሄዷል። ፈረንጁ ሳጥኑን ከነሦስት ባለ ቅብ መስታወቱ ነበር የሰጠው፤ ሥዕሉ የሚቀረጸው በመስታወቱ ላይ ነው። ጀዕፈር አንዱን መስታወት ሲለማመድ የገዛ አውራ ጣቱን አነሳበት። ሁለተኛው ከአህያ ጭነት ላይ ወድቆ ተሰበረ። የቀረው አንድ ነው።

ችግሩ ወዲያው ተገለጠ። ሳጥኑን ማሠራት የሚያውቅ ጀዕፈር ብቻ ነው፤ የሚያሠራው ደግሞ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ ከፊት ለፊት ያለውን ሰው እያየ ነው። አማቱን እንዴት ብሎ ይያት?

«በሳጥኑ ውስጥ ሰው ተገልብጦ ነው የሚታየው አላልክም?» አለ የኑራ አባት ኦመር። ኦመር በቀልድ ካልሆነ መናገር የማይሆንለት ሰው ነው። «እግሯ ወደ ላይ ከሆነ ነውሩ ይቀል ይሆናል።»

«አስተግፊሩላህ! አባቴ፣ ምን ይላሉ?» አለ ጀዕፈር፤ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

መላውን ያመጣው ራሱ ጀዕፈር ነው። ከሳጥኑ ጋር አንድ ረጅም የጎማ ቱቦ አለ፤ ጫፉ ላይ የሎሚ መጠን ያለው የጎማ ኳስ ታስሮበታል። ኳሱን የጨመቀ ሰው ሩቅ ተቀምጦም ቢሆን የሳጥኑን ዓይን ይከፍተዋል። እንግዲያው ቤተሰቡ ራሱን በራሱ ያነሳል፤ እሱ ሳጥኑን አዘጋጅቶ ከአጥር ውጭ ይወጣል።

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ሳጥኑን በሦስት እግሩ አቆመው። መጀመሪያ ግን ያለ ሰው ማስተካከል ነበረበት። ስለዚህ ሦስት መቀመጫ ደርድሮ በሁለቱ ላይ ቅርጫት፣ በመካከለኛው በኡምኩልሱም ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ዱባ አስቀመጠ። ከዚያ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ዱባውን በታላቅ አክብሮት ተመለከተው።

ኦመር ወደ ጓዳ አንገቱን አስገባና፣ «አንቺ ሴት፣ ባትመጪም ይሆናል፤ ቁርጥ አንቺን የመሰለች ተገኝታለች» አላት።

ጀዕፈር መስታወቱን አስገብቶ ወጣና ከአጥሩ ውጭ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። አጥሩ እስከ ትከሻው ነው። ኡምኩልሱም ዱባውን በአንድ እጇ አንስታ ቦታዋን ተረከበች። ኦመር ከቀኟ፣ ኑራ ከግራዋ። ኑራ ግን ሁሉም ካልተሟሉ አይሆንም አለች። ኻሚስ ይምጣ፤ ኻሚስ አህያው ነው። ነምርም ይምጣ፤ ነምር ማለት በዓረብኛ ነብር ነው፣ ውሻው ግን ከዶሮ የሚሸሽ ነው። ኦመር ለቀትር ሶላት ውዱእ አድርጎ ስለታጠበ ውሻው እንዳይነካው በኑራ በኩል እንዲተኛ ተደረገ። ዘይቱናን የጠራት የለም፤ ቀድማ መጥታ ከኡምኩልሱም ኋላ ቆማለች።

«ኳሱን ጨምቀው ይዘው እስከ ሦስት ይቁጠሩ! ሲቆጥሩ ማንም እንዳይንቀሳቀስ! ሁሉም ሳጥኑን ይይ!» አለ ጀዕፈር፣ ለዋርካው።

ኦመር ኳሱን ያዘ። ወደ ሚስቱ ዞር ቢል መከናነቢያዋን ከአናቷ እስከ አገጯ ድረስ ጎትታ ተቀምጣለች። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ።

«ምን ሆነሻል?»

«ቀስ በል፣ ይሰማል» አለች ከጨርቁ ውስጥ። «ሥዕሉ የሚሰቀለው የት ነው? እሱ ቤት አይደለም? ከዚህ ስሸሸው ከርሜ እዚያ ቀን ከሌት ፊቴን ሊያየው ነው! የሰው መሳቂያ ልታደርገኝ ነው?»

ኦመር ሳቀ። «እንግዲያውስ ለምን ዱባውን አነሳሽው? እሱ ቢያንስ መልክ ነበረው።»

ኑራ ግን አልሳቀችም። «እናቴ፣ ጨርቅማ ገበያ ሞልቷል» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ይዤ የምሄደው ጨርቅሽን ነው?»

ኡምኩልሱም አቀረቀረች። ከጨርቁ ሥር እንባዋ ወረደ። ልጇን ዓይን ዓይኗን ማየት ትፈልጋለች፤ ነውር ደግሞ ትፈራለች። ይህን ያህል ዘመን ሰው ሳያማት ኖራለች፤ አሁን በስተርጅና «ፊቷን ለአማቿ የሰጠች» ልትባል ነው። ጨርቁን ይበልጥ አጠበቀችው። ፀሐይዋ ወደ አናት ወጣች፤ ኻሚስም ጆሮውን ያራግብ ጀመር።

«ቆጠራችሁ?» አለ ጀዕፈር ለዋርካው።

ይህን ጊዜ ከኋላ የቆመችው ዘይቱና የመከናነቢያውን ጫፍ አገኘችው። መጀመሪያ ቀመሰችው። ጣማት መሰለኝ፣ በጥርሷ ነክሳ ሳበችው። ኡምኩልሱም «ውይ!» ብላ ወደ ኋላ ስትዞር ጨርቁ ከራሷ ላይ ሸርተት አለና ግማሹ ከፍየሏ አፍ ገባ። ኡምኩልሱም ጨርቋን ይዛ ትጎትታለች፣ ዘይቱናም ትጎትታለች። በመጨረሻ ኡምኩልሱም አላስቻላትም፤ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ ፈነዳ። ኑራም እሷን አይታ ሳቀች።

ኦመር በሕይወቱ ያላደረገውን አደረገ፤ ሳይቀልድ ዝም ብሎ ኳሱን ጨመቀ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

ኡምኩልሱም ቁጥሩን ስትሰማ ደነገጠች። ሳጥኑ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ፊቷ ውስጥ ገብቷል። ባሏን ቀኑን ሙሉ አላናገረችውም። ለእራትም በዘይቱና በኩል ነው የጠራችው።

የጉዞው ቀን በጠዋት ግቢው ተተራመሰ። መስታወቱ ብርሃን በማያስገባ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ተከድኖ ከእህሉ ጎታ አጠገብ ተቀምጧል። ሥዕሉ የሚወጣው ኡምዱርማን ሲደርስ ነው። «እስከዚያ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ብርሃን ከነካው ይሞታል» ብሎ ጀዕፈር አሥር ጊዜ አስጠንቅቋል። ኡምኩልሱምን፣ «አምጪው» ብሎ የላካት ኦመር ነው።

ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ሣጥኑን ያዘችው። ክዳኑን በጥፍሯ ብታነሳው ያበቃል። ማንም አያውቅባትም፤ መንገድ አበላሸው ይባላል፣ ነውሩም አብሮ ይጠፋል። አውራ ጣቷን ከክዳኑ ሥር አደረገች።

ኑራ ከደጅ፣ «እናቴ» ብላ ጠራቻት። የጠራቻት ትንሽ ሆና ስትወድቅ በምትጠራት ድምፅ ነበር።

ኡምኩልሱም ጣቷን አነሳች። ያንን ፍየሏ ያኘከችውን መከናነቢያ ከራሷ ላይ ፈትታ ሣጥኑን ጠቀለለችበት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እንደ አራስ ልጅ። አጥብቃ ቋጠረችውና ይዛ ወጣች። ጀዕፈር ዋርካውን ያይ ነበር። ልጇን አቀፈቻት፣ ሣጥኑንም በእቅፏ አስቀመጠችላት። አህዮቹ ከአጥሩ ሲርቁ እያየች እስኪበቃት አለቀሰች።

ክረምቱ መጣ፣ ሄደም። ጭቃው ደርቆ መንገድ ሲከፈት ሻዕባን የሚባል ነጋዴ ከኡምዱርማን ጨው ይዞ መጣ፤ ከጨውም ጋር አንድ ጠንካራ ወረቀት፤ ኑራ ከመስታወቱ ሁለት ሥዕል አስወጥታ አንዱን ልካለች። ኡምኩልሱምና ኦመር ደጅ ላይ ተቀምጠው አብረው አዩት።

ኻሚስ ራሱን ስለነቀነቀ ሁለት ራስ ያለው አህያ ሆኗል። ነምር ፈጽሞ ጉም ነው። ኦመር ኳሱን ቁልቁል ሲያይ ተይዞ እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። ዘይቱና ብቻ፣ ጨርቁን እንደነከሰች፣ ሳትነቃነቅ ሳጥኑን ታያለች። መካከል ላይ ኡምኩልሱም ራሷ ተገልጦ ትስቃለች፤ ደብዘዝ ብላለች እንጂ እሷው ናት። ኑራ ደግሞ ሳጥኑን እይ ቢሏትም አላየችውም፤ እናቷን ነው የምታየው።

ኡምኩልሱም በጣቷ የልጇን ጉንጭ ነካችው።

ሻዕባን ውሃ ጠጥቶ ሲያበቃ፣ «ያ አማቻችሁ ግን ጤነኛ ነው?» አለ። «ቤቱ አሳደረኝ። ሥዕሉ የተሰቀለው ከውስጠኛው ክፍል ነው። ሰውዬው ወደ ገዛ ክፍሉ ሲገባ በር ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ይስላል። ኑራ ትሮጥና አንድ ጫፉ የተበላ ጨርቅ ሥዕሉ ላይ ታለብሳለች። ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። ሚስቱ እስክትደርስ እኔ ራሴ ከእሱ ጋር በር ላይ ስጠብቅ ነበር!»

ኦመር ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኡምኩልሱም ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ እንደገና አየችው። በጥግ በኩል፣ ከቀርከሃው አጥር በላይ፣ አንድ ነጭ ጥምጥም ከኋላው ይታያል። ያንን ጀርባ ታውቀዋለች።

«አሁን ደግሞ አንቺ እሱን ልትሸፍኚው ነው?» አለ ኦመር።

«ተወው፣ ከቤተሰቡ ጋር ይቁም» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ አጥሩ ሥር ወደተኛችው ፍየል ዞረች።

«ዘይቱና! ለዚያ ሰውዬ ንገሪልኝ፤ የገዛ ቤቱ በር ላይ እየሳለ ደረቱን አይጉዳ። ይግባ በይው። ልጄ ይግባ።»