አሥራ ሰባት አጎቶች

ማክሰኞ ጠዋት በክለቡ መልበሻ ክፍል ለአሥራ ስምንቱ ተጫዋቾች አሥራ ስምንት እስክሪብቶ ታደለ። አሰልጣኙ እያንዳንዱን በሁለት እጁ፣ እንደ ዋንጫ ነበር ያስረከበው።

«የልብ ምርመራ ነው፤ መጀመሪያ ቅጹን ሙሉ» አለ። «የተሳሳተ ቅዳሜ ፍጻሜው ላይ አይሰለፍም!» ብሎ ወጣ።

የተሳሳተ ሲባል አንገቶች ሁሉ ወደ በረኛው ዞሩ። ፕሮፌሰር ነው የሚሉት፤ ቡድኑ በሙሉ ትምህርት ቤት ከእሱ እየኮረጀ ነው ያደገው።

ፕሮፌሰር ግን አራተኛው ጥያቄ ላይ እስክሪብቶውን አቆመ። «ስትሮጥ ራስህን ስተህ ታውቃለህ?» ባለፈው ወር ብቻውን ሲለማመድ ወድቆ፣ ሲነቃ ጉንዳን ጆሮው ላይ ስትሄድ አግኝቷታል። ሆድ ይፍጀው ብሎ ለማንም አልተናገረም። አምስተኛው ጥያቄ ደግሞ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ ወይ ይላል። እናቱ ጠዋት በር ላይ ይዛው ነበር፦ «አጎትህ በሃያ ዓመቱ እየሮጠ ነው የቀረው። ዋሽተህ ብትመጣ እናቴ ብለህ እንዳትጠራኝ!»

እውነቱን ቢጽፍ ቅዳሜ ቀረችበት፤ ቢዋሽ እናቱ ቀረችበት። ማጅራቱ ላይ የጓደኞቹ ትንፋሽ ሲሞቀው ግን ሰይጣን ሹክ አለው፤ እውነቱን ጻፍና ሕዝብ መሃል ተደበቅ! በትልልቁ «አዎ። አዎ፣ አጎቴ፣ በሃያ ዓመቱ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ለሁሉም እንዲመች ገደድ አደረገው። አምበሉ ብቻ የራሱን በክንዱ ሸፍኖ ጻፈ። «ብረቱ» ይሉታል፤ ኮርጆ መሸፈን ልማዱ ነው ብለው ሳቁበት።

መርማሪዋ ሲስተር ከአሰልጣኙ ጋር ገብታ ወረቀቶቹን አገላበጠች።

«አሥራ ስምንት ልጅ ራሱን ስቷል። አሥራ ሰባት አጎት በሃያ ዓመቱ ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር» አለ አሰልጣኙ፣ አፉ እንዳመጣለት።

«አንዱ አጎት ተርፏላ!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሲስተር አልሳቀችም። «የልብ ማሽኑ ሁላችሁንም ያያል። ምቱ የተዛባ ልብ ግን ሜዳ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ ከማን እንደምጀምር ልወቅ። የኮረጀ እጁን ያውጣ፤ አልቆጣም።»

እጆች ወጡ። አሰልጣኙም ከድንጋጤው የተነሳ እጁን አወጣ።

«ኮች፣ እርስዎ ያውርዱ» አለች ሲስተር።

የፕሮፌሰርም እጅ ጉዞ ጀምሮ ጆሮው ድረስ ደርሶ ነበር፤ የጉንዳኗን ቦታ ማከክ ያዘ። ትንሽ ከፍ ቢል ቅዳሜ የእሱ ናት። ያኔ ጎኑን አየ። ጉልበቱ እየደማ እንኳ ተቀይሮ የማያውቀው ብረቱ ሁለት መዳፎቹን ጭኑ ላይ ተጭኖ ተቀምጧል።

«እኔ አልኮረጅኩም» አለ ብረቱ፣ ለወለሉ።

የሳቀ የለም። ፕሮፌሰር ጆሮውን ተወና እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

ሲስተር የወጡትን እጆች እስከ አሥራ ስድስት ቆጠረች፤ ከዚያ ሁለት ወንበር ወደ ማሽኑ አስጠጋች።