ሦስተኛው ገቢር በፍላሽ

ሚጢ ፍላሿን በጡጫዋ ጨብጣ የአጎቷን በር ስታንኳኳ ልቧ ከበሩ በላይ ይደልቅ ነበር። ቲያትሩ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይታያል፤ ሦስተኛው ገቢር ግን ሰሞኑን አልነሳም ብሎ በቀረው የአጎቷ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ነው። የሚጢ ድርሻ ደግሞ እዚያው ገቢር ውስጥ ብቻ! ሁለት ገቢር ሙሉ ሰው ሁሉ አንዲት ሚስት ያማል፣ በሦስተኛው እሷ ራሷ መጥታ የልቧን ትናገራለች። ያቺ ሚስት ሚጢ ናት። ስንት ጊዜ ለሌላው መጋረጃ ስትስብ ኖራ፣ በስንት ልመና ያገኘችው ቦታ መሰላችሁ! ሦስተኛው ገቢር ካልተገኘ ዛሬም ገመድ ሳቢ ናት ማለት ነው።

«ጋሼ፣ አመጣሁት!» አለች ገና ሳትገባ።

አጎቷ፣ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የሰፈሩ ቲያትር ደራሲ፣ ከነፒጃማቸው ነበሩ። «ምኑን?»

«ኢሜጁን! ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት አወረድኩት።»

«ፎቶ ነው? የማን?»

«የማንም ፎቶ አይደለም ጋሼ! ኢሜጅ የሚሉት ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰውን ሙሉ ሲስተም ነው፣ እንዳለ በአንድ ፋይል ተጠቅልሎ። ሊኑክስ ይባላል። ነጻ ነው፤ የፈለገ ይወስዳል፣ ያባዛል፣ ለጎረቤት ያድላል። ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል።»

አጎቷ ጢማቸውን አሻሹ። «ነጻ? ኧረ ይቅርብን ልጄ፣ ነገር እንዳያመጣብን። ሦስተኛውን እንዘለዋለን።»

«ይዘለላል እንዴ? እኔስ በየት በኩል ልገባ ነው?»

ፍላሹ ደግሞ በዋዛ የተገኘ አይደለም። ትናንት ፋይሉን እንደ ዘፈን ገልብጣበት፣ አጎቷ በሌሉበት መጥታ ብትሰካው ኮምፒውተሩ ዞር ብሎም አላየው። ዛሬ ጠዋት ነው የሥራ ባልደረባዋ ከት ብሎ ስቆ «አይገለበጥም እኮ፣ በራሱ ፕሮግራም ነው ፍላሹ ላይ የሚጻፈው» ያላት። አሁን ሰካችው፣ አበራችው፣ ትንፋሿን ዋጠች። ነጫጭ ጽሑፎች እየተግተለተሉ ወረዱ። ስክሪኑ ጨለመ። ከዚያ ቦግ!

«ላይቭ ገባልን!» ብላ ጮኸች ሚጢ።

ጉድ የፈላው ይሄኔ ነው። የአጎቷ ሚስት፣ እትዬ ነው የምትላቸው፣ ጸጉራቸውን ታጥበው ፎጣ እንደጠመጠሙ ብቅ ሲሉ ይህችን ቃል ሰሙ። እትዬ የሚያውቁት ላይቭ አንድ ነው፤ ስልክ ተደቅኖ ዓለም ሁሉ ሰውን የሚያይበት። «በፎጣ?!» ብለው እግሬ አውጪኝ ወደ መኝታ ቤት። ሚጢ ልታስረዳ አፏን ሳትከፍት የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ፎጣውን ግን ረስተው፣ ስክሪኑ ፊት ቆመው እጅ ይነሳሉ።

«እንደምን አደራችሁ ወዳጆቼ! ይህን ሰውዬ ታዩታላችሁ? ሠላሳ ዓመት ነው ሻይ ቀረበልህ ስለው እሺ ብሎኝ፣ ቀዝቅዞ ድንጋይ ሲሆን ‹ሻይ የለም ወይ?› የሚለኝ። ዝም ስል ‹ምነው ዘጋሽኝ?› ይላል፤ ስናገር ‹ሐሳቤን በተንሽው!› እና መቼ ልናገር? እስቲ እናንተ ፍረዱኝ!»

ሚጢ ሆዷን ይዛ ተንከተከተች። «እትዬ፣ እንደሱ ያለው ላይቭ አይደለም! ማንም አያይዎትም። ሳይጫን፣ ከፍላሹ በቀጥታ ይሠራል ለማለት ነው።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ለማን ነው የለፈለፍኩት?» አሉ እትዬ፣ በጣም ቅር ብሏቸው።

ሚጢ የኮምፒውተሩን ዲስክ ከፈተች። አቤት ደስታዋ! ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድል ተደርድረዋል። «ሦስተኛ ገቢር» የሚለውን ነካችው።

«መጋረጃው ይከፈታል። ሚስት ትገባለች።»

ወደ ታች ወረደች። ባዶ ነው። ደግማ ወረደች። ባዶ!

«ጋሼ? ቀሪውስ?»

አጎቷ ኩም አሉ። «የለም ልጄ። ገብታ ምን እንደምትል ጠፋኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ እፎይ ነው ያልኩት።»

ሚጢ ወደ አጎቷ ዞረች። «እኔ እንደዚህ ስሯሯጥ ዝም ብለው አዩኝ!» አለች። አጎቷ ቀና ማለት አቃታቸው።

እትዬ ግን ወገባቸውን ያዙ። «ሚስት ምን እንደምትል ጠፋህ? እኔ እዚህ ቤት ውስጥ የለሁም?»

አጎቷ ሚስታቸውን ከነፎጣቸው ትክ ብለው አዩ። «እስቲ ያልሽውን ድገሚው።»

«የቱን?»

«ሁሉንም!»

ከዚያማ ማን ይቻላቸው! እትዬ ይዘረግፋሉ፣ አጎቷ እየሳቁ ያቃናሉ፣ ሚጢ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብላ እየደገመች ትተይባለች። ፎጣው እንኳ አልቀረም፤ ሚስትየዋ ከነፎጣዋ ትገባለች ተብሎ ተጻፈ። «ጨረስን!» ብላ ሚጢ ተነስታ ስትዘል፣ እትዬ ቀሚሳቸውን ሊተኩሱ ካውያ ይዘው መጡና ያገኙትን ሶኬት ነቀሉ።

ስክሪኑ ድርግም አለ።

ሚጢ ክው አለች። ሳታስቀምጠው እዚያው ላይቩ ላይ ነበር የጻፈችው፤ ላይቭ ደግሞ አንዴ ከጠፋ ምንም አያስታውስም፣ በተነሳ ቁጥር አዲስ ነው። አጎቷ ራሳቸውን ያዙ። እትዬ ካውያውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

ሚጢ ፎጣውን ከእትዬ ራስ ላይ መንጭቃ በራሷ ጠመጠመችና ጀመረች። የመጀመሪያው ቃል መጣ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ እስከ መጨረሻው ወረደችው። አንዲትም አልወደቀችባትም።

«ኮምፒውተሩ ይርሳው! እኔ ይዤዋለሁ!» አለች። የባልየውን ድርሻ የሚጫወተው የሰፈሩ አናጺ ደግሞ መልሱ «እሺ» ብቻ ስለሆነ ልምምድ አያሻውም።

ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ሌላ ሰው ሳበው። ሚጢ ከነፎጣዋ ገባች። «ሠላሳ ዓመት ነው ሻይ ቀረበልህ ስለው» ብላ ስትጀምር አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ጥቂት እንደቀጠለች እትዬ ከፊት ወንበር ብድግ አሉ።

«‹ድንጋይ ሲሆን› የሚለውን ዘለልሽው እኮ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ሚጢ ፎጣዋን አስተካክላ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እትዬ፣ ቀስ! ላይቭ ነን።»