ሁለተኛው ፍቺ

መዝገበ ቃላት አዘጋጇ ያን ዕለት ጠዋት ከ«ጀ» ፊደል አልወጣችም ነበር። ቢሮዋ ከፀጉር አስተካካይ ቤት በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አብረዋት የሚሠሩት አዛውንቱ የፊደል አራሚ ብቻ ናቸው። ሁለቱም «ጁንታ» የሚለው ቃል ላይ ተጣብቀው ቀርተዋል።

«ስፔኖቹ እኮ ሁንታ ነው የሚሉት» አሉ አራሚው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። «በ‹ሀ› ካልጻፍነው ቃሉን አበላሸነው።»

«ጋሼ፣ ሰዉ የሚያውቀው በ‹ጀ› ነው። በ‹ሀ› ብንጽፈው ማን ፈልጎ ያገኘዋል?»

«አገር ሁሉ ከተሳሳተ እኛም አብረን እንሳሳት በይኛ!» ብለው ሳቁ።

እሷም እየሳቀች ጻፈች። ጁንታ፤ ከስፓኒሽ የመጣ፤ «ማገናኘት፣ መግጠም» ከሚል ግስ የወጣ። አንደኛ፣ ሸንጎ፣ ጉባኤ። ሁለተኛ፣ መንግሥትን በኃይል ገልብጠው ሥልጣን የያዙ መኮንኖች ስብስብ።

ብዕሯን ሳታስቀምጥ ከታች የፀጉር አስተካካዩ ሬዲዮ ዘፈኑን አቋርጦ የወታደር ማርሽ ማሰማት ጀመረ። ቀጥሎ አንድ ሰው መግለጫ ማንበብ ያዘ። መንግሥት ወርዷል፤ ሥልጣኑን የመኮንኖች ሸንጎ ተረክቧል። አዘጋጇ ድምፁን ገና ከመጀመሪያው ለየችው። ማሙሽ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ፣ ኮሎኔሉ። እሑድ ቤቷ ምሳ በልቶ፣ ልጆቿን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ሲያስቅ ውሎ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የሄደው ማሙሽ።

ክው አለች።

ነገሩ ትንሽ ረገብ ሲል ኮሎኔሉ አጃቢዎቹን ደረጃው ላይ አቁሞ ቢሮዋ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ሳማት።

«እትዬ፣ ሰው ጁንታ እያለ ይሰድበናል። ቃሉ ከሥሩ ምን ማለት ነው?»

የሥራ ነገር ሆኖባት ሳታስበው መለሰችለት። «ከሥሩማ መሰብሰብ፣ አንድ ላይ መሆን ነው። ሸንጎ እንደማለት።»

ፊቱ በራ። «ታዲያ ምኑ ነው ስድቡ?»

«ሁለተኛ ፍቺም አለው፣ ማሙሽ።»

«አንደኛው ይበቃኛል» ብሎ ወጣ።

በማግሥቱ በሬዲዮ ቀረበ። «ጁንታ ማለት ኅብረት ማለት ነው። ይህን የነገረችኝ በቋንቋ ዕውቀቷ የተመሰከረላት የገዛ እህቴ ናት» አለ። ሁለቱም ከታች በሚመጣው ሬዲዮ ሰሙት። አራሚው ቀና ብለው አላዩዋትም። ኮታቸውን ደርበው ወደ ታች ወረዱና ፀጉር ቤት ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሁለተኛውን ፍቺ ጮክ ብለው ነገሩት። ከሰዓት በኋላ ወታደሮች መጥተው አራሚውን እየገፈተሩ ወሰዷቸው።

እሷም ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወንድሟ ቢሮ ሄደች።

«ሽማግሌሽ ሕዝብ እየቀሰቀሱ ነው» አላት።

«እሳቸው የተናገሩት እኔ የጻፍኩትን ነው። ጸሐፊዋ እያለች አራሚው ለምን ይታሰራሉ? እኔን እሰረኝ።»

«እትዬ፣ አታድርቂኝ።»

«እማዬ ስትሞት አንተን እጄ ላይ ጥላ ነው የሄደችው። ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። ግማሹን አንብብ፣ ግማሹን ተው ብዬ ግን አላስተማርኩህም።»

ስልኩን አንስቶ «ሽማግሌውን ልቀቋቸው» አለ። ስልኩን መልሶ ሲያስቀምጥ ዓይኗን አላያትም።

«ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።»

ቢቆጣ ባልደነቃት። ያን መግለጫ ባነበበበት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይደናቀፍ ነው ያላት። ሬዲዮውን ስትሰማ ካደረጋት የባሰ ሆነባት፤ በሩን ከኋላዋ ሳትዘጋ ወጣች።

አራሚው ፊታቸው አብጦ፣ ያለ መነጽራቸው ተመለሱ። አዲስ መነጽር እስኪያገኙ እሷ እያነበበችላቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። መኮንኖቹ ብዙም ሳይቆዩ እርስ በርስ ተበላሉ። ማሙሽን ያሰሩት የገዛ ጓደኞቹ ናቸው። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ፍቺ ይዞ ሲታተም እሱ ገና እስር ቤት ነበር።

በየሳምንቱ ምግብ ታደርስለታለች። ሳህኑ ባዶውን፣ ታጥቦ ይመለስላታል። እሱ ግን አንድም ቀን ወጥቶ አላያትም።