የማይዘገየው ጀልባ

በኖርዌይዋ ከተማ በርገን ውስጥ የተግባር ሒሳብ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ ሁሉ የሚያልፉበት አንድ ሳምንት አለ፤ ሰኞ አንድ ድርጅት ችግሩን ይዞ ይመጣል፣ ዓርብ መፍትሔውን ይረከባል። ከተማሪዎቹ አንዷ ቶሩን፣ የቀረበላትን ማንኛውንም ችግር ገና ስታይ፣ «ከዚህ ውስጥ የሚናቀው የቱ ነው?» ማለት ለምዳለች፤ ትምህርቷ ኢምንቱን ጥሎ ዋናውን መያዝን አስተምሯታልና።

የዚያ ሳምንት ባለጉዳይ ቢሮው ከባሕሩ ወሽመጥ ማዶ የሚገኝ የጀልባ ድርጅት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ሃልቫርድ፣ «ጀልባችን ሁልጊዜ ይዘገያል። መላ ላበጀለት ሥራ እሰጣለሁ» አሉ። ቶሩን ሥራውን አጥብቃ ፈለገችው።

ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ሥራውን ለሦስት ተከፋፈሉ፤ ሲግቫርት ማዕበሉን፣ አስላውግ መቆሚያውን፣ ቶሩን ድምሩን ያዙ። ባልደረባን አለመጠየቅ ጨዋነት መሰላቸው። የሚያዘገየው መሳፈርና መውረድ ብቻ መሆኑ ሲታወቅ፣ ተሳፋሪው እንደ ኢምንት ተቆጥሮ ከስሌቱ ወጣ፤ ጀልባውም በወረቀት ላይ ዝንፍ ሳይል ተመላለሰ።

«ግሩም ነው!» አሏት ሃልቫርድ ዓርብ ዕለት ቶሩንን። «ሰኞ ጀምሪ፤ እንዳታረፍጂ ታዲያ።»

ሰኞ ጀልባው በሰዓቱ መጣ፤ በሩን ሳይከፍትም በሰዓቱ ሄደ። ካፒቴኑ በዝናብ ለቆመችው ቶሩን በትሕትና እጁን አውለበለበላት።

ሃልቫርድ ደወሉ። «ጀልባው ደርሷል፤ አንቺስ?»

«አላሳፍርም አለኝ እኮ!»

«ጎሽ! ስሌትሽ ሠራ። ግን እስከ ምሳ ካልደረስሽ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ።»

ለሲግቫርት ደወለች። «አንተ፣ አንድ ነገር ረስተናል።»

«ምን?»

«ሰው።»

«እሱ ኢምንት አይደል እንዴ?»

«ኢምንቷ ዝናብ ላይ ቆማለች! አስላውግንና የአባትህን ታንኳ ይዘህ ና።»

ሲቀዝፉ ሲግቫርት ማዕበሉን ብቻ፣ አስላውግ መቆሚያውን ብቻ አዩ፤ ታንኳይቱም ባለችበት ዞረች።

«የእኔ ድርሻ ትክክል ነው!» አለ ሲግቫርት።

«የእኔስ ምን ሆነ?» አለች አስላውግ።

«ዝም በሉና እርስ በርስ ተያዩ!» ብላ ቶሩን ጮኸች። ያኔ ታንኳይቱ ሄደች።

ሲደርሱ ሃልቫርድ ቡናማ አይብ ያለበትን የምሳ ዳቦ ሊጎርሱ ነበር።

«ተሳፋሪው ይመለስ» አለች ቶሩን፣ ውኃ እያንጠባጠበች።

«ይዘገያላ!»

«ይዘግይ! ጀልባ የተሠራው ሰው ለማሻገር ነው።»

ሃልቫርድ ዳቦውን አስቀመጡ። «እሺ፣ ሥራው ያንቺ ነው። ዛሬ ግን በታንኳችሁ ተመለሱ፤ ጀልባው እስከ ማታ ሰዓቱን ያከብራል።»

ሲመለሱ «የእኔ ድርሻ» ያለ አልነበረም።