ዘምዘሙ ከታች ይጫን

እናቴ ከመካ የምታመጣውን የተባረከ ውሃ፣ የዘምዘሙን ጠርሙስ፣ የምትደብቅበትን ኪስ ስታሳየኝ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ሐጅ ልትሄድ ጥቂት ቀናት ቀርተዋታል፤ እኔም ልሸኛት ከአዲስ አበባ ፈቃድ ወስጄ ሮቤ ገብቻለሁ። በሰፊው ጥቁር ቀሚሷ ውስጥ፣ ከጎኗ በኩል፣ ረዘም ያለ ኪስ ሰፍታበታለች። እህል ነጋዴ ናት። ዕድሜ ልኳን የስንዴ ጆንያ አፍ ስትሰፋ የኖረች ሴት ስለሆነች መርፌዋ አይታማም።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው ኡሚ?»

«ለዘምዘም ነዋ። አንድ ጠርሙስ ልክክ ብሎ ይገባል፣ ሞክሬዋለሁ። ፈታሿ ብትዳብሰኝ እንኳ ሥጋዬ ነው የሚመስላት።»

ሳቄ ያመለጠኝ እዚህ ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ግን ቆመ፤ ሥራዬ ትዝ አለኝ።

እኔ የትላልቅ አውሮፕላኖችን የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው የምፈትሸው። የአውሮፕላን ጥገና እሠራለሁ ስል ሰው ሁሉ ስለ ሞተር ይጠይቀኛል፤ ስለ ሽቦ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። መንገደኛው እግሩን ከሚያሳርፍበት ወለል ስር፣ ከግድግዳውም ጀርባ፣ ክንድ የሚያህል የሽቦ እስር ተዘርግቷል። እዚያ ተንበርክኬ፣ አንዳንዴም በሆዴ ተኝቼ፣ በእጅ ባትሪና በትንሽ መስታወት እያንዳንዱን አያለሁ። ሽቦው ከብረት ጋር እየተፋተገ ልባሱ ሳስቶ ይሆን? የብረት ብናኝ ወድቆበት ይሆን? የልብስና የምንጣፍ አቧራ ተከምሮበት ይሆን? ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን እርጥበትን ነው። ያረጀ ሽቦ ልባሱ ላይ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ይኖረዋል። ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ በሁለት ሽቦዎች መካከል ትንሽ ብልጭታ ትነሳለች፤ ብልጭታዋ ልባሱን ታከስለዋለች፤ ከሰሉ ደግሞ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከዚያ በኋላ እሳቱ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ይኼ ሁሉ የሚሆነው ማንም በማያየው ቦታ፣ ሰማይ ላይ ነው።

ውሃው ከሻይም፣ ከሽንት ቤትም፣ ከሕፃን ጡጦም ይመጣል። በሐጅ ሰሞን ደግሞ ከዘምዘም ይመጣል። በሰው አልፈርድም። ሮቤ ውስጥ ሐጅ ሄዶ ዘምዘም ሳይዝ የተመለሰ ሰው በምን አፉ ጎረቤቱን ያናግራል? ሁሉም አንድ ጉንጭ እንዲደርሰው ይጠብቃል፤ ቤቱ ታማሚ ያለበትማ ቀን ይቆጥራል። የዘምዘሙ ጀሪካን ከታች፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ መጫን አለበት ሲባሉ፣ ይዘገያል፣ ይጠፋል ብለው ስለሚፈሩ አንዳንዶቹ በብብታቸው ይሸጉጡታል። እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ሲሳሳ በደንብ ያልገጠመ ክዳን ያፈሳል።

«ኡሚ፣ ይኼን ኪስ ፍቺው።»

«አልፈታም።»

«ይፈሳል።»

«አጥብቄ ነው የምዘጋው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው! በኋላ በሆዴ ተኝቼ የማደርቀው እኔ ነኝ!»

ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ። በእሷ ነው የወጣሁት፤ ሁለታችንም ቶሎ እንፈላለን።

«ዘምዘም ነው አልኩሽ እኮ» አለች፣ ቀሚሱን ከእጄ እየነጠቀች። «መድኃኒት ነው እንጂ እሳት አይደለም። አስተምሬ አስተምሬ የተባረከ ውሃ የምትፈራ ልጅ ላፍራ?»

«የምፈራው ክዳኑን ነው እንጂ ውሃውን አይደለም። የቧንቧ ውሃም፣ የሮቤ ዝናብም ቢሆን ያው ነው። ባለፈው ክረምት የሱቅሽ ጣሪያ አፍስሶ ቆጣሪው ሲንጣጣ ጫማሽን ጥለሽ አልሮጥሽም?»

ሳቋ ሊመጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ዋናውን ነገር አወጣችው።

«ለባዳሳ ቃል ገብቻለሁ።»

ባዳሳ ታላቅ ወንድሟ ናቸው፤ እኔ በእናት በኩል አጎቴ ስለሆኑ «አቡያ» እላቸዋለሁ። አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞተ አጋርፋ ላይ እያረሱ እናቴን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ሐጅም አብረው ሊሄዱ ተመዝግበው ነበር፤ ጉበታቸው ታመመና እሳቸው ቀሩ። አሁን ለሐኪም እንዲቀርቡ ብለን ጎባ፣ ልጃቸው ቤት አስተኝተናቸዋል። እናቴን የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዘምዘሙ በገዛ እጇ እንድታጠጣቸው። ጀሪካኑ ቢዘገይ የአቡያ ዕድሜ እንደማይጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍ አውጥተን አንናገረውም እንጂ።

በማግስቱ ለስንብት ጎባ ሄድን። ሐጅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ዘመድ ጎረቤቱን «አውፍ በሉኝ» እያለ ይቅርታ ይጠይቃል፤ እናቴ ሁሉንም አዳርሳ ወንድሟን ለመጨረሻ አቆይታ ነበር። አቡያ ጋቢያቸውን ተከናንበው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጠጋ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አውሮፕላኖችሽ ደህና ናቸው?» አሉኝ። ከኔ ጋር ጨዋታቸው ይኼ ነው፤ አውሮፕላኖቹን እንደ ከብት ነው ደህንነታቸውን የሚጠይቁኝ።

«ደህና ናቸው አቡያ» አልኩ። ዝም ማለት ግን አላስቻለኝም፣ የኪሱን ነገር ነገርኳቸው። እናቴ «አንቺ ልጅ!» ብላ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። እኔ ግን አላቆምኩም፤ ስለ ስንጥቁም፣ ስለ ብልጭታውም፣ ስለ ከሰሉም አስረዳኋቸው። ጨርሼ እስክተነፍስ ድረስ አቡያ አላቋረጡኝም።

«አውሮፕላኑ ስንት ሰው ይጭናል?» አሉ።

«ከሦስት መቶ በላይ።»

«ሁሉም ሑጃጅ ናቸው?»

«ሁሉም።»

«እህቴ ሰቢሪና ብቻዋን ናት ጠርሙስ የምትይዘው?»

«አይደለችም አቡያ። ሁሉም ‹የኔ አንዲት ጠርሙስ ብቻ ናት› ነው የሚለው።»

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው፣ «ከታች ጫኚው» አሏት። «እጠብቅሻለሁ።»

«ባይደርስስ?»

«እጠብቅሻለሁ አልኩሽ እኮ።»

ሮቤ ስንመለስ እናቴ ቀሚሷን ጭኗ ላይ ዘርግታ ስፌቱን በምላጭ ፈታችው። ቁጭ ብዬ አየኋት። ልክ ነበርኩ፤ ልክ መሆኔ ግን ምንም ደስ አላለኝም።

ሐጁ በሰላም አለቀ፣ አውሮፕላኑም በሰላም አረፈ። የእናቴ ጀሪካን ግን አልመጣም። ጅዳ ላይ ሙቀቱ በርትቶ ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ስላልተቻለ፣ ከዕቃው የተወሰነው ለሌላ በረራ ቀርቷል ተባለ። አየር ማረፊያው ልቀበላት ሄጄ ነበር። እናቴ ሻንጣዋን ብቻ እየጎተተች ወጣች። ጀሪካን የያዙትንና ያልያዙትን መንገደኞች ስታይ ቆየችና እኔን አየችኝ። ምነው በሰደበችኝ።

ሮቤ ላይ በድቤና በመንዙማ ሊቀበሏት የተሰበሰቡትን ሰዎች ቆማ ሰላም አለችና ሳትቀመጥ ጎባ ሄደች። እኔም አብሬያት ሄድኩ። አቡያ ተጋድመዋል፤ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል፣ ድምፃቸውም ሰልሏል።

«መጣሽ ሐጃ» አሏት። «ውሃዬስ?»

እናቴ አልጋው ሥር ተንበረከከች። «ቀረብኝ» አለች። «ከታች ጭኜው ቀረብኝ ባዳሳ።» ከዚያ ግንባሯን እጃቸው ላይ ደፍታ አለቀሰች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

አቡያ እስኪወጣላት ጠበቋት። «አንቺ ጠጣሽ?»

«ጠጣሁ።»

«ስትጠጪ ስሜን ጠራሽ?»

«በጠጣሁ ቁጥር።»

«እንግዲያ ከዚሁ ቤት ውሃ አምጪና ዱዓ አድርጊበት።»

እናቴ በኩባያ የጎባን የቧንቧ ውሃ አምጥታ፣ ዱዓ አደረገችበትና ቀና አድርጋ አጠጣቻቸው። ከጠጡት በአንገታቸው የወረደው ይበልጣል። ሲበቃቸው በዓይናቸው እኔን ፈለጉኝ።

«ኢብቲሳም፣ ሰዎቹ ሁሉም ደረሱ?»

«ሁሉም ደረሱ አቡያ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ።

በዚያው ሳምንት አረፉ። ጀሪካኑ ገና ጅዳ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ያ አውሮፕላን ለፍተሻ እኛ ጋ ሲገባ፣ እናቴ የተቀመጠችበት አካባቢ ያለውን ወለል እኔ ልክፈት ብዬ አለቃዬን ለመንኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። የጠቆረ ሽቦ ነበር የምፈልገው። ከማንም ጠርሙስ ይሁን፣ የፈሰሰ ውሃ ያቃጠለው አንድ ቦታ ባገኝ ፎቶ አንስቼ «ይኸው ኡሚ፣ ለዚህ ነበር» ልላት ፈልጌ ነው። በባትሪውም በመስታወቱም አንድ ባንድ አየሁት። ደረቅ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ልባሱም እንዳለ ነው። ምናልባት ሰው ሁሉ ተመክሮ ከታች ጭኖ ይሆናል፤ ምናልባትም የሁሉም ክዳን ጠብቆ ይሆናል፤ ማወቂያ የለኝም። ሥራዬን ከጀመርኩ ወዲህ ንጹህ ሽቦ አይቼ የተናደድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ባትሪዬን አጥፍቼ እዚያው ወለል ሥር አለቀስኩ።

ጀሪካኑ በመጨረሻ ሲመጣ እኔው ተቀበልኩትና፣ አውቶቡስ ላይ በእግሮቼ መካከል አጥብቄ ይዤ፣ በዲንሾ በኩል ሮቤ ገባሁ። እናቴ ጎረቤቱን ሰብስባ ለሁሉም በትንንሽ ስኒ አደለች። ለእኔ ስትሰጠኝ ፊቴን አላየችኝም። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ስኒዎቹን እየሰበሰበች፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አለች። «ያቺን ጠርሙስ ይዤ ቢሆን አውሮፕላኑ ይቃጠል ነበር?»

«አዎ» ብላት ነገሩ ያበቃ ነበር። ማን ያጣራብኛል? ለእሷም እፎይታ ነው፣ ለእኔም እፎይታ ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይመስለኝም ኡሚ» አልኩ። «ወለሉን ከፍቼ አየሁት፣ ደህና ነበር። ይዘሽው ብትመጪ ምናልባት ምንም ላይሆን ይችል ነበር።»

«ምናልባት።»

«አዎ ምናልባት። በምናልባት ደግሞ ሦስት መቶ ሰው አይጫንም።»

ስኒዎቹን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ስልክ ስደውል «ደህና ነሽ?» ትለኛለች፣ «ደህና ነኝ» እላታለሁ፣ ስለ ዝናብና ስለ ስንዴ ዋጋ አንድ ሁለት ቃል እንለዋወጣለን፣ በቃ። እናቴ በሕይወት እያለች እናቴ ናፈቀችኝ።

ዘንድሮ የሐጅ ጉዞ ሲቃረብ ሮቤ ላይ ሑጃጁን የሚያስተምሩት ኡስታዝ ሳላሀዲን ደወሉልኝ። ሰው ስለ ዕቃው ሲነገረው እንደማይሰማ ነግረውኝ፣ መጥቼ የአውሮፕላኑን ነገር እንዳስረዳላቸው ጠየቁኝ። ሄድኩ። መስጊዱ ግቢ ባለው አዳራሽ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። እናቴ ቀድሞ እንደሄደ ሰው አዲሶቹን ልታበረታታ ተጠርታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ሰላም አልኳት፣ ሰላም አለችኝ።

ኡስታዙ ከታች ስለሚጫነው ጀሪካን ገና ሲጀምሩ ከአጋርፋ የመጣች አንዲት ሴት ተነሳች። «ይቅርታ ኡስታዝ፣ ቤት የታመመች ልጅ አለችኝ። ጀሪካኑን አላምነውም። አንዲት ጠርሙስ በጉያዬ ብይዝ ምን ይሆናል?»

አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ሳልከፍት እናቴ ተነሳች።

«እኔም ያንቺው ዓይነት ታማሚ ነበረኝ» አለቻት። «ወንድሜ ነው። ልጄ ከታች ጫኚ አለችኝ፣ ጫንኩ፣ አልደረሰም። ሳይጠጣ ሞተ።»

ኡስታዙ ግራ ተጋብተው አዩኝ፤ ሰው ለማሳመን እንዲህ ተብሎ አይጀመርም።

«ከዚያ ልጄን፣ ‹ይዤው ቢሆን ይቃጠል ነበር ወይ› ብዬ ጠየቅኳት። ‹አዎ› እንድትለኝ ነበር የፈለግኩት። ብትዋሸኝ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። አልዋሸችኝም፣ ‹አይመስለኝም› አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ ተቀይሜያት ከረምኩ።» ወደ ሴትየዋ ጠጋ ብላ ቀጠለች። «ግን ሀዘኔን ለማቅለል እንኳ ያልዋሸችኝ ልጅ ‹ውሃ ሽቦ ላይ አይፍሰስ› ካለችኝ እኔ አምናታለሁ። አንቺም እህቴ ከታች ጫኚው። ለልጅሽ በጊዜው ላይደርስላት ይችላል፣ ይደርሳል ብዬ አልዋሽሽም። ግን ከታች ጫኚው።»

የአጋርፋዋ ሴት ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እናቴ በእጇ ወደ እኔ አመለከተች።

«የቀረውን እሷ ታስረዳችሁ። ልጄ ናት» አለች።

ተነሳሁ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ከፊቴ ያለውን ሰው መለየት አቅቶኝ ነበር። እንደዚያው ሆኜ ማስረዳት ጀመርኩ።