ሃምሳ የውሸት ዛፍ

እውነቱን ልናገርና ይውጣልኝ፤ ችግኞቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

ስሜ ደስታነሽ ነው። ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ አሥራ ሁለት አልጋ ያላት ሆቴል አለችኝ። ከሆቴሌ ጀርባ፣ ወደ ኦዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ጥብቅ ስፍራ አለች። ጥብቅ መባሏ ለወጉ ነው እንጂ ፍየል የጋጣት፣ ማቴንጌ የሚባል ከባሕር ማዶ የመጣ እሾህ የወረሳት መሬት ነበረች። እኛ በማኅበር ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ በፈቃዳችን እየተሰበሰብን እሾሁን ነቅለን በቦታው አገር በቀል ዛፍ እንተክላለን። በፈቃዳችን ስል ሌሎቹን ማለቴ ነው። እኔ የገባሁት አሰግድ ስላናደደኝ ነው።

አሰግድ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው፣ ያገሬ ሰው። መሬቷን የከባድ መኪና ማቆሚያ ላድርጋት ብሎ አመልክቷል። ስለ ዛፉ የሰማ ቀን በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ፣ የገዛ ሻዬን እየጠጣ፣ "ደስትዬ፣ አንቺ እንኳን ዛፍ ሽንኩርትም አይበቅልልሽ" አለኝ። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። ሞኝ! እልኸኛ ሴት እንደማትነካ አያውቅም።

ከዚያ ግን ነገሩ ጣመኝ። እዋሻለሁ እንዴ? ከዲጃ የምትባል የግመል ወተት ሻጭ አለች፣ ከእሷ ጋር እሾህ እየነቀልን ስንሳሳቅ ሳምንቱ ሙሉ የተሸከምኩት ይወርድልኛል። ሽማግሌው አባ ጉዮ እያንዳንዱን ቁጥቋጦ በስሙ ያውቁታል። የሚበላውን፣ የሚታጠንበትን፣ ግመል ብቻ የሚደፍረውን ያሳዩናል። እንዲህ እንዲህ እያለ መሬቷን ወደድኳት። አሰግድ እንዳይሰማ።

ከካውንቲው የመጡት ሰዎች ነገሩን እንዲህ አሉ፤ በኅዳር ከተከልናቸው ሰማንያ ችግኞች መጋቢት ላይ ሲቆጠሩ ሃምሳው በሕይወት ከተገኙ መሬቷ ታጥራ ትቀራለች። ከሃምሳ ካነሱ ለአሰግድ ትሰጣለች። ግልጽ ነው።

የማኅበሩ የውሃ ሮቶ የተቀመጠው እኔ ግቢ ስለሆነ የማጠጣቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። ጥር ላይ ከተማው ውሃ ሲያጣ ሆቴሌ በሾፌርና በረዳት ተጨናነቀ። አንሶላ ይታጠባል፣ ሰው ይታጠባል፣ ድስት ይታጠባል። "ዛሬን ብቻ" ብዬ ከማኅበሩ ሮቶ ቀዳሁ። በማግስቱም ዛሬን ብቻ አልኩ። የካቲት ሙሉ ዛሬን ብቻ ስል ከረምኩ። ሌሎቹ ከወዲያኛው ጫፍ ማቴንጌ ይነቅላሉ፤ "ችግኞቹ እንዴት ናቸው?" ሲሉኝ "አልሐምዱሊላህ" እላለሁ፣ እኔ ኦርቶዶክሷ!

ቆጠራው ሦስት ቀን ሲቀረው ሄጄ አየኋቸው። ዘጠኝ። ከሰማንያው ዘጠኝ ብቻ ነው የተረፈው። ሌላው ስትነካው ቀጭ የሚል ደረቅ ጭራሮ ሆኗል። እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። አሰግድ ሲስቅ ታየኝ፤ ከዚያ ደግሞ ከዲጃ ታየችኝና ይሄኛው ባሰብኝ። "አንቺ ምን ዓይነት ሰው ነሽ?" አልኩ ራሴን፣ ጮክ ብዬ።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ገጀራ ይዤ ካጠገባችን ወዳለው ተራራ ጥግ ወጣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ ሃምሳ እንጨት ቆርጦ መሰካት። በበጋ እዚህ አገር ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን አራግፎ ይቆማል፣ የሞተውና የተኛው አይለይም። ከካውንቲው የምትመጣው ቆጣሪም ቅርፊቱን በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ አረንጓዴ ካየች ሕያው ብላ ትጽፋለች ተብሏል። የተቆረጠ እንጨት ደግሞ ለጥቂት ቀን ውስጡ አረንጓዴ ነው። ሰይጣን ራሱ ከዚህ በላይ አያስብም።

አንድ የግራር ቅርንጫፍ ላይ ገጀራዬን ሳነሳ ከኋላዬ ሳል ሰማሁ። አባ ጉዮ ናቸው። በዱላቸው ተደግፈው ያዩኛል። ገጀራውን ከጀርባዬ ደበቅሁ።

"ለማገዶ ነው አባቴ" አልኩ።

"ግራር አትቁረጪ" አሉኝ። "ቶሎ ይደርቃል። ያንን ቁረጪ፣ ሀሜሳውን።" በዱላቸው ቅርፊቱ የሚላላጥ ወፍራም ቁጥቋጦ አሳዩኝ። "አውራ ጣት የሚያህለውን። ስትሰኪው አንድ ክንድ አስገቢው።"

ወይ ጉድ! ለካ ሽማግሌው ከእኔ የባሱ አጭበርባሪ ናቸው። በሆዴ እየሳቅሁ ያሉኝን አደረግሁ። በሁለት ጠዋት ሃምሳውን ሰካሁ። የደረቁትን ነቅዬ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው።

ቅዳሜ ደረሰ። ቆጣሪዋ ጆይስ ግን አልመጣችም። መኪናዋ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ፉንዲ፣ ማለት መካኒክ፣ ዘንድ ገባ ተባለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስብሰባ አለባት። በሚቀጥለው ደግሞ ታማለች። እኔ እንጨቶቼ ከመድረቃቸው በፊት ትምጣልኝ ብዬ እሳላለሁ፣ እሷ የለችም!

ምን አማራጭ አለኝ? እንዳይደርቁብኝ ማጠጣት ጀመርኩ። የማኅበሩ ሮቶ ባዶ ስለነበረ የሆቴሌን ውሃ በጄሪካን ተሸክሜ፣ ጠዋትና ማታ። ሾፌሮቹ "ማማ፣ አንሶላው ሸተተ" ሲሉኝ "አፍንጫህን ያዝ" እላለሁ። እውነተኛዎቹን ችግኞች እንዲህ አጠጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጫካ ይኖረን ነበር። ወገቤ ተቆረጠ፣ እጄ ተላጠ። ከዲጃ አንድም ቀን ላግዝሽ አላለችኝም፤ ጥላ ሥር ተቀምጣ "በርቺ እህቴ" ትለኛለች። እኔም ዋሽቼ ስለምሠራ ቅር ማለት እንኳ አልቻልኩም።

ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጣለ። አንድ ጠዋት ብሄድ እንጨቶቹ ቅጠል አውጥተዋል። በደስታ ልጮህ ብዬ ግቢዬ የቆለልኩት ማገዶም ዝናብ ሲነካው ሳምንት ለምልሞ እንደሚጠወልግ ትዝ አለኝና ዝም አልኩ። ቅጠሉ እንደኔ ውሸታም ነው፣ ይኸው ነው ያልኩት። ሥር እንደሌላቸው ለማየት አንዱን ልነቅል እጄን ስዘረጋ አባ ጉዮ ከየት እንደመጡ አላውቅም፣ "አትንኪ" አሉኝ። ተውኩት።

ጆይስ የመጣችው በግንቦት ነው። ማኅበሩ በሙሉ ተሰብስቧል። አሰግድም ሸሚዙን አሳምሮ ለብሶ መጥቷል። ጆይስ በየዛፉ ጎንበስ እያለች ቅርፊት ትፍቃለች፣ ትጽፋለች። ሠላሳ። አርባ። እኔ በከንፈሬ አብሬ እቆጥራለሁ። ሃምሳ ሦስት ላይ ጨረሰች።

"ቆይ!" አለ አሰግድ። "ይሄ የተሰካ እንጨት ነው! ይቺን ሴት ጠዋት ጠዋት ገጀራ ይዛ ስትወጣ አይቻታለሁ። ሥር የለውም፣ ላሳያችሁ!" ብሎ አንዱን በሁለት እጁ ጨበጠና ሳበ።

አለቀልኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

ምንም የለም። እንደገና ሳበ። እንጨቱ ወይ ፍንክች። እግሩን አንፈራጦ፣ ጥርሱን ነክሶ በሦስተኛው ሲስብ እንጨቱ ከነአፈሩ ተነቅሎ መጣ፤ አሰግድም ወደ ኋላ ሄዶ ነቅለን የቆለልነው ማቴንጌ ላይ ቁጭ አለ። የጮኸውን ጩኸት ኢትዮጵያ ድረስ ሳይሰሙት አልቀሩም። እኔ ግን እሱን አላየሁም። እጁ ላይ ያለውን ነው ያየሁት። ከእንጨቱ ጫፍ ነጫጭ ሥር እንደ ጢም ተንጠልጥሏል።

"ፖሌ፣ አይዞህ" አለችው ጆይስ፣ ሳቋን ውጣ። "አሁን መልሰህ ትከለው።" እሾሁን ከመቀመጫው እየለቀመ ተንበርክኮ ተከለው። መሬቷ ለእኛ ሆነች።

ከዚያ ጆይስ ወደ እኔ ዞራ፣ "ማማ ደስታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ታመላልሺ ነበር አሉኝ። አጨብጭቡላት" አለች። ሁሉም አጨበጨበ። ጭብጨባው እንደ ጥፊ ነው የተሰማኝ። ችዬ ብቆይ ኖሮ ጉዳዩ ያልቅ ነበር፤ አልቻልኩም።

"ተዉ!" አልኩ። "ችግኞቹን የጨረስኳቸው እኔ ነኝ። ውሃችሁን አንሶላ አጠብኩበት። እነዚህን የሰካኋቸው ላታልላችሁ ነው።"

ጆይስ "ሥር ያለው ዛፍ ነው፣ ሕያው ብዬ ጽፌያለሁ" ብላ ደብተሯን ዘጋች። ከዚያ ከዲጃ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"እናውቃለን እኮ" አለች። "ከጥር ጀምሮ። ዛፉ ሲደርቅ ያንቺ አንሶላ ሲነጣ ዓይን የለንም? ልናባርርሽ ተሰብስበን ነበር። ተዉዋት ያሉት አባ ጉዮ ናቸው።"

አባ ጉዮን አየኋቸው።

"ሀሜሳ ከተሰካ ይበቅላል" አሉ። "የእኛ አጥር ሁሉ እንዲህ ነው። ለእንጨቱ አልሰጋሁም። የሰጋሁት ላንቺ ነው።"

"ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ወገቤ ሲቆረጥ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ?" ብዬ ጮህኩ። እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ነው ብያለሁ፣ ከንዴት ብቻ አልነበረም።

"እኔ ጎልቦ ቆላ ላይ የውሃ ጉድጓድ ተራ አስከባሪ ነበርኩ" አሉ አባ ጉዮ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። "የሰው ውሃ የወሰደ አይባረርም። ራሱ ቀድቶ፣ ራሱ ተሸክሞ ይመልሳል። አንቺ የወሰድሽው ስድስት ሮቶ ነው። አራቱን መልሰሻል። ሁለት ይቀርሻል።"

አሰግድ እንኳ፣ ከነእሾሁ፣ ሳቀብኝ። እኔም ባዶውን ጄሪካን አንስቼ ውሃ ልቀዳ ወደ ሆቴሌ ሄድኩ።